ኑርን ማን ላካት?

በ1943 አጋማሽ ላይ (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኮሎኔል ፍራንክ ስፑነር የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ስለ አንዲት የስለላ ሠልጣኝ አጭር ሪፖርት ጻፈ። ልጅቱ ትጉ ናት፤ ነገር ግን አእምሮዋ ያን ያህል አይደለም፤ ጠባይዋ ይለዋወጣል፤ የምሥጢር ጥበቃውን ትምህርት አልወደደችውም፤ ጠላት የያዘው አገር ገብታ መሥራት መቻሏም እጅግ ያጠራጥራል። የሪፖርቱ ፍሬ ነገር ይኸው ነበር። ወረቀቱ የፈረንሳይን ክፍል ለሚመራው ለሞሪስ በክማስተር ደረሰ። እሱም ኅዳጉ ላይ «ከንቱ!» ብሎ ጻፈበትና ልጅቱን ላካት።

ስለ ኑር ዒናያት ኻን የሚተርክ ሁሉ ይህችን ቦታ ይወዳታል። ሹሙ ናቃት፣ እሷ ግን ጀግና ሆና አሳፈረችው። ነገሩ እንዲህ ሲቀርብ ለፊልም ይመቻል፣ እኛም እናጨበጭባለን። እኔ ግን ታሪኩን ደጋግሜ ባነበብኩ ቁጥር ስፑነርን መናቅ እያቃተኝ መጥቷል። አነጋገሩ ንቀት አለበት፣ አልክድም። ያነሣው ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር። ልጅቱ ተዘጋጅታለች ወይ? አልተዘጋጀችም። ይህን ማለት የእሷን ጀግንነት ቅንጣት አይቀንስም። የሚነካው የላኳትን ሰዎች ነው፤ ዛሬ መናገር የፈለግሁትም ስለ እነሱ ነው።

ኑር በ1914 ሞስኮ ተወለደች። አባቷ ዒናያት ኻን የባሮዳ ሰው፣ ሙዚቀኛና የሱፊ መምህር ነበር። እናቷ አሜሪካዊት ናት። በአባቷ በኩል ዘሯ ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ በ1799 ከወደቀው ከማይሶሩ ገዢ ከቲፑ ሱልጣን ይመዘዛል። ያደገችው ፓሪስ አጠገብ ባለችው ሱረን ነው። አባቷ በ1927 ሲሞት እናትየው በሐዘን ተሰብራ ተቀመጠች፤ የ13 ዓመቷ ኑርም ለታናናሾቿ እናት ሆነች። በገና ተማረች፣ በሶርቦን የሕፃናት ሥነ ልቡና አጠናች፣ ለልጆች ተረት ጻፈች። በ1939 የታተመላት መጽሐፍ ከቡድሃ የቀድሞ ሕይወቶች የተወሰዱ 20 ተረቶች የያዘ ነው። ውሸት ኃጢአት ነው እየተባለ በሚነገርበት ቤት አድጋለች።

ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲወሩ በጁን 1940 ቤተሰቡ በቦርዶ በኩል በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። ከዚያ በፊት ከወንድሟ ከቪላያት ጋር ብዙ ተከራክረዋል። ሁለቱም ሰው መግደል አይሹም፤ ዳር ቆሞ መመልከቱንም ሕሊናቸው አልቀበል አላቸው። በመጨረሻ ሳይገድሉ ለመሞት ቅርብ የሆነውን ሥራ ለመፈለግ ተስማሙ። እሱ የባሕር ኃይል ገባ፤ እሷ በአየር ኃይሉ የሴቶች ክፍል ሬዲዮ ተማረች። በ1942 ለመኮንንነት ስትጠየቅ ስለ ሕንድ ነፃነት አንሥተውባት ነበር። ጦርነቱ እስኪያልቅ ከእንግሊዝ ጎን እቆማለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለአገሬ ነፃነት የሚታገሉትን ልደግፍ እችላለሁ ብላ ፊት ለፊት ነገረቻቸው። ሰላይ ትሁን የተባለችው ሴት እንዲህ ያለች ነበረች።

እንዲያም ሆኖ ፈለጓት። ፈረንሳይኛዋ የአገሬው ሰው ፈረንሳይኛ ነው፣ ሬዲዮም ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ብርቅ ነበር። ፈላጊው ቸርችል በ1940 ያቋቋመው፣ ጠላት በያዛቸው አገሮች የማበላሸትና የማመፅ ሥራ የሚያቀነባብረው የልዩ ዘመቻዎች መሥሪያ ቤት ነው። ቤቱ ለእኛም ፍጹም ባዳ አይደለም፤ በዚያው ዓመት ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቻችን ጋር የተገናኘውን የኮሎኔል ሳንድፎርድን ቡድን ያደራጀው ክፍል ኋላ ከዚሁ መሥሪያ ቤት ጋር ተቀላቅሏል። እኛ «ውስጥ አርበኛ» የምንለውን ዓይነት ሰው እነሱ ከለንደን አሠልጥነው በአውሮፕላን ይልኩ ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጣሊያን ይዞ አዚናራ ደሴት ያጋዛቸው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ የሚሠሩት በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ነበር፤ በክማስተርን የመሰለ አለቃ በላያቸው አልነበረም። ኑር ግን መዝገብ ያላት፣ ፊርማ የተፈረመባት፣ በትእዛዝ የተንቀሳቀሰች ሰው ናት። ስለዚህ ማን አዘዘ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ሥልጠናዋ አልተጠናቀቀም። እንደ ጌስታፖ ሆነው እኩለ ሌሊት ቀስቅሰው በሚጮሁባት የልምምድ ምርመራ ድምፅዋ እስኪጠፋ ደነገጠች። ልትሄድ ጥቂት ቀናት ሲቀሯት አብረዋት የነበሩ ሁለት ሴት ሠልጣኞች ለበክማስተር ረዳት ለቬራ አትኪንስ ጻፉ፤ ይህች ልጅ መሄድ የለባትም አሉ። አትኪንስ ደብዳቤውን አልደበቀችውም። ኑርን ለንደን ውስጥ ምሳ ጋብዛ፣ ብትቀሪ ማንም አይወቅስሽም አለቻት። ኑር እሄዳለሁ አለች። ያስጨነቃት የእናቷ ነገር ብቻ ነበር፤ መሞቴ እስካልተረጋገጠ ድረስ ለእናቴ ክፉ ወሬ አትጻፉባት ብላ ለመነች። አትኪንስ ቃል ገባችላት።

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ራሷ መርጣ የለ? መርጣለች። ምርጫዋን አከብራለሁ። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ማለት ፈቃደኛ የሆነን ሁሉ የሚልክ ጣቢያ አይደለም፤ እምቢ የማለት ሥልጣን ያለው ቤት ነው። ፈቃዱ የእሷ ነበር፣ ኃላፊነቱ የእነሱ። ደግሞስ ሦስት ሰው አይሆንም ወይም አይገባም ባለበት ጉዳይ ምሳ ጋብዞ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ማለት ሸክሙን ከአለቃው ትከሻ ወደ ልጅቱ ማዞር አይደለም? እምቢ ብትል ፈራች ትባላለች። ይህን ዓይነት ነፃ ምርጫ ቢሮ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

በጁን 16 ሌሊት ላይሳንደር በተባለች ትንሽ አውሮፕላን አንጄ ከተማ አጠገብ ሜዳ ላይ አወረዷት። በዚያች ሌሊት በሁለት አውሮፕላን ከእሷ ጋር ዲያና ራውደን፣ ሲሲሊ ለፎርና ቻርልስ ስኬፐር ወረዱ። ከአራቱ አንዳቸውም አልተመለሱም። ሜዳው ላይ የተቀበላቸው አንሪ ዴሪኩር ከጦርነቱ በኋላ ለጀርመኖች ሠርቷል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ1948 በነፃ ተለቀቀ። ኑር ጠላት ወደያዘው ፈረንሳይ በዚህ መሥሪያ ቤት የተላከች የመጀመሪያዋ ሴት የሬዲዮ ሠራተኛ ናት። የምሥጢር ስሟ «ማድሌን» ነው፤ በመታወቂያዋ ላይ ደግሞ ዣን ማሪ ሬኒዬ የምትባል የሕፃናት ሞግዚት ናት።

ፓሪስ ደርሳ ሳትደላደል የምትሠራለት ድርጅት ተናደ። «ፕሮስፐር» የሚባለውን መረብ የሚመራው ፍራንሲስ ሳቲልና የሬዲዮ ሠራተኛው ጊልበርት ኖርማን በጁን መጨረሻ ሳምንት ተያዙ። እስሩ በመቶ ለሚቆጠሩ ሰዎች ተዛመተ። ለንደን ተመለሽ አላት። አልመለስም፤ ሌላ ሰው ካልተካችሁ በስተቀር ፓሪስ ያለ ሬዲዮ ትቀራለች አለች። ይህም እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በፓሪስ ለክፍሉ የቀረች የሬዲዮ ሠራተኛ እሷ ብቻ ናት ማለት ይቻላል።

ሥራውን ያላየ ሰው የሬዲዮ ሠራተኛ ሲባል ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ይመስለዋል። መሣሪያው ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ክብደቱ ወደ 15 ኪሎ ነው። ለመላክ ረጅም የአንቴና ሽቦ ዛፍ ላይ ወይም በመስኮት መዘርጋት ግድ ነው። ጀርመኖች ሞገዱን እያሸተቱ የሚዞሩ መኪኖች አሏቸው፤ ጥቂት ደቂቃ ከቆየች ሰፈሩን፣ ትንሽ ከጨመረች ቤቱን ያገኙታል። ስለዚህ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ፤ ጸጉሯን እየቀየረች፣ ያን ሻንጣ እያንጠለጠለች በሜትሮና በብስክሌት ትዞራለች። በፓሪስ አንድ የሬዲዮ ሠራተኛ ሳይያዝ ይቆያል ተብሎ የሚገመተው ስድስት ሳምንት ነበር። እሷ ወደ አራት ወር ገደማ ቆየች። የሕይወት ታሪኳን የጻፉት እንደሚተርኩት፣ አንድ ቀን ሽቦውን ስትዘረጋ ያያት ጀርመናዊ ሬዲዮ ለማዳመጥ መስሎት አግዟት ሰቀለው። እውነት ይሁን ተረት፣ የምወደው ሰውየው ምናልባት እስኪሞት ድረስ ምን እንዳገዘ ሳያውቅ መቅረቱን ነው። ስፑነር ጎበዝ አይደለችም ያላት ልጅ እንዲህ ሠራች፤ በዚህ በኩል ፍጹም ተሳስቷል።

በኦክቶበር ወር፣ ወደ እንግሊዝ ልትመለስ በተዘጋጀችበት ሰሞን ተያዘች። በገንዘብ ጠቁመዋት ነው። ወደ ሰማንያ አራት ቁጥር አቨኑ ፎሽ፣ ወደ ጀርመን የደኅንነት መሥሪያ ቤት ወሰዷት። የደረሰች ዕለት መታጠቢያ ቤት ልግባ ብላ በመስኮት ወጥታ ጣሪያ ላይ ተገኘች። በኖቬምበር ከሌሎች ሁለት እስረኞች ጋር የጣሪያውን መስኮት ፍርግርግ ፈልቅቀው ወጡ፤ በአጋጣሚ የአየር ድብደባ ማስጠንቀቂያ ተነፋ፣ ጠባቂዎች ክፍል ክፍሉን ሲቆጥሩ ጎደሉ፣ ተያዙ። አላመልጥም ብለሽ ፈርሚ አሏት። አልፈርምም አለች። የውሸት ፊርማ ማኖር ብትችል ኖሮ ምናልባት ፓሪስ ትቀር ነበር። የቢሮው ሹም ሃንስ ኪፈር ከጦርነቱ በኋላ ሲጠየቅ፣ ከአንደበቷ አንዲት ነገር አላገኘንም ብሏል።

ያገኙት ከደብተሯ ነው። ኑር የላከቻቸውንና የተቀበለቻቸውን መልእክቶች በምሥጢር ጽሑፍም በግልጽም እየገለበጠች ደብተር ውስጥ አኑራ ነበር። ማንኛውም የሬዲዮ ሠራተኛ መልእክቱን ወዲያው ማቃጠል ነበረበት። ከባድ ስሕተት ነው። አንዳንድ አድናቂዎቿ በዝምታ ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ያለዚህ ደብተር ታሪኩ አይገባም። በእጇ የተሰጣት የጽሑፍ ትእዛዝ መልእክቶቿን በጥንቃቄ አስቀምጪ ተብሎ ሊነበብ የሚችል አነጋገር ነበረበት። የምሥጢር ጥበቃውን ኮርስ ሳትጨርስ የመጣች፣ የተባለችውን ቃል በቃል የምትፈጽም ልጅ እንዲያ ብታነብበው ምን ያስደንቃል? ደብተሩ የስፑነር ሪፖርት ቀጣይ ገጽ ነው፤ በክማስተር «ከንቱ» ብሎ የዘጋው ገጽ።

ጀርመኖች በደብተሩ አጻጻፏን አጥንተው በሬዲዮዋ ከለንደን ጋር ማውራት ጀመሩ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው፤ ለንደን እንዳትታለል የሚያስችል በቂ ምልክት ነበራትና። የመጀመሪያው ምልክት በጁን ደርሷል። ከተያዘው ከጊልበርት ኖርማን ሬዲዮ የመጣው መልእክት፣ በነፃነት የሚልክ ሰው የሚያስገባው የማረጋገጫ ምልክት ጎድሎት ነበር። ምልክቱ የተፈጠረው ለዚህ ቀን ነው። ለንደን ግን ምን ብላ መለሰች? ምልክትህን ረስተሃል፣ ሁለተኛ ተጠንቀቅ! ጀርመኖቹ መልሱን ለራሱ ለኖርማን አሳዩት።

ሁለተኛው ምልክት የመጣው ከሶንያ ኦልሻኔስኪ ነው። ሶንያ የጀርመን ተወላጅ አይሁድ፣ ዳንሰኛ፣ ገና 20 ዓመት ያልሞላት፣ እዚያው ፓሪስ የተመለመለች መልእክተኛ ነበረች። በኦክቶበር 1943 በስዊዘርላንድ በኩል ለለንደን ወሬ አደረሰች፤ ማድሌን አደጋ ደርሶባት ሆስፒታል ናት የሚል። በእነሱ ቋንቋ ተይዛለች ማለት ነው። ለንደን ያሉት ግን ሶንያ ማን እንደሆነች አላወቁም። የማያውቋት ሰው የላከችውን ወሬ ከሚያውቁት ሬዲዮ ጋር ሲያመዛዝኑ ሬዲዮውን አመኑ።

በፌብሩዋሪ 1944 ሁለት ቡድን፣ በድምሩ ሰባት ሰው፣ የኑር ወገኖች ይቀበሏቸዋል በተባለ ሜዳ በፓራሹት ዘለሉ። የተቀበሏቸው ጀርመኖች ናቸው። ከሁለተኛው ቡድን አንዷ ማድሌን ዳመርማን ትባላለች፤ የኑርን የምሥጢር ስም እውነተኛ ስሟ አድርጋ የተወለደች ሴት።

ኑርን በኖቬምበር 1943 ጀርመን አገር ፕፎርትስሃይም እስር ቤት ወሰዷት። እጅና እግሯ በሰንሰለት ታስሮ ለብቻዋ አሥር ወር። በመዝገብ ያለ ምንም ዱካ እንዲጠፉ ከተወሰነባቸው እስረኞች ተርታ ገብታለች። በሌላ ክፍል የታሰሩ ፈረንሳውያት ሴቶች በምግብ ሳህናቸው ቂጥ ላይ ጭረው ስም ጻፉ፤ እሷም በዚያው መንገድ መለሰች። ኖራ ቤከር፣ 4 ታቪተን ስትሪት፣ ለንደን። ትጠቀምበት የነበረ የእንግሊዝኛ ስምና የእናቷ አድራሻ ነው። በሴፕቴምበር 1944 ከዮላንድ ቤክማን፣ ከኤልያን ፕሉማንና ከማድሌን ዳመርማን ጋር ወደ ዳኻው ወሰዷቸው። በ13ኛው ቀን ጠዋት አራቱንም ረሸኗቸው። ኑር 30 ዓመቷ ነበር። አጅቦ የወሰዳቸው የጌስታፖ ሰው በኋላ ሲመሰክር፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተንበርክከው ሞቱ አለ። ሌላ ቆይቶ የመጣ ወሬ ደግሞ ኑር ሌሊቱን ሙሉ ስትደበደብ አደረች ይላል። የትኛው እንደሆነ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ገዳይ ቤት የወጣ ምስክርነት ግን ለምን እንደሚለሰልስ መገመት ቀላል ነው።

ኑርና ዳመርማን በመጨረሻ ሰዓታቸው ምን ተነጋግረው ይሆን? አንደኛዋ እዚያ የደረሰችው በሌላኛዋ ሬዲዮ በተጠራ ወጥመድ ነው። ያወቁት አይመስለኝም። ባያውቁት ደስ ይለኛል።

ከጦርነቱ በኋላ ቬራ አትኪንስ የጠፉትን ልትፈልግ ጀርመን ሄደች፤ ከእስር ቤት እስር ቤት እየዞረች መረመረች፤ በዚህ በኩል ማንም ያልሠራውን ሠርታለች። በጁላይ 1944 ናትስቫይለር በተባለው ካምፕ መርፌ ተወግተው ከተቃጠሉት አራት ሴቶች አንዷ ማን እንደሆነች ባለመታወቋ፣ መልኳን ያዩት ሰዎች ከነገሯት ተነሥታ ኑር ናት ብላ ደመደመች። ለቤተሰቡም እንዲሁ ተነገረ። ስሕተቱ የታረመው በ1947 ነው፤ ለዚህም ከረዱት አንዱ ከፕፎርትስሃይም የተረፈች ፈረንሳዊት እስረኛ የያዘችው የሳህን ላይ አድራሻ ነበር። በናትስቫይለር የሞተችው ሶንያ ናት። ያስጠነቀቀችው ቢሮ ማን እንደሆነች አላወቀም፤ ሞታም ለጊዜው በኑር ስም ተመዘገበች።

ኪፈር የኑርን ሞት ሲሰማ አለቀሰ። አትኪንስ እንባውን አልተቀበለችለትም፤ ልክ ነበረች። በለንደን በኩልስ ማን አለቀሰ? በክማስተር መጻሕፍት ጻፈ፤ ክፍሉንም ሲከላከል ኖረ። ፈረንሳይ ውስጥ ቫላንሴ ከተማ ለዚህ ክፍል ሙታን በቆመው መታሰቢያ ላይ የ91 ወንዶችና የ13 ሴቶች ስም ተጽፏል። ሲጻፍ ሁሉም ተሠዉ ይባላል፣ እውነትም ነው፤ በጀርመን ጥይት የሞተውና በለንደን ቸልተኝነት ወጥመድ የገባው ግን አንድ ላይ ሲጻፍ የኋለኛው ጥያቄ ይዳፈናል። የጀግና ሐውልት ትልቁ ጥቅም አንዳንድ ጊዜ ለአለቆቹ ነው።

የጆርጅ መስቀል ለኑር የተሰጠው በኤፕሪል 1949 ነው። የሽልማቱ ጽሑፍ እጅግ አደገኛ የሆነውን ቦታ አልለቅም ማለቷን፣ ተይዛ ምንም አለመናገሯን ይዘረዝራል፤ ይገባታል። ስላልተጠናቀቀው ሥልጠና፣ ስለ ሶንያ መልእክት፣ ስለ ሰባቱ ግን ዝም። እነዚያን የቆፈሩት ሌሎች ናቸው። ጓደኛዋ ዣን ኦቨርተን ፉለር የመጀመሪያውን የሕይወት ታሪኳን በ1952 አሳተመች፤ ከዚያም ጥያቄዋን አላቆመችም። አይሪን ዋርድ የተባለች የምክር ቤት አባል መንግሥትን ወጥራ ያዘች። ኤም አር ዲ ፉት የጻፈው ይፋዊ ታሪክ የወጣው በ1966 ነው።

የኑር የግል ማኅደር፣ ያ የስፑነር ሪፖርት ያለበት፣ ለሕዝብ የተከፈተው በ2003 ነው። በክማስተር የሞተው በ1992፣ አትኪንስ የሞተችው በ2000።